የሁለቱ ነጥቦች ሊቅ፤ የጊልበርት ኒውተን ሉዊስ የሕይወት ታሪክ

በኬሚስትሪ ክፍል የሚቀመጥ ተማሪ የውሃን ሞሌኪውል እንዲሥል በታዘዘ ጊዜ የኦክሲጅንን ምልክት በመካከል ይጽፍና በግራና በቀኝ ሃይድሮጂንን አድርጎ በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ነጥብ ያኖራል። እነዚህ ነጥቦች እጅግ ቀላል ነገር ስለሚመስሉ ከወዴት እንደ መጡ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ያሰባቸው፣ አሳቡንም ለዓለም ሳይገልጥ 14 ዓመት ያቆየው ናቸው። ይህም ሰው አሜሪካዊው ሊቅ ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ ነው። በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን የእርሱን ሕይወትና የሥራውን ፍሬ በአጭሩ እንገልጣለን። በጽሑፉ ውስጥ የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ በኦክቶበር ወር 1875 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ዌይማውዝ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ጠበቃ ነበር። በ1884 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ወደ ኔብራስካ ግዛት ሄዶ በሊንከን ከተማ ተቀመጠ። ሉዊስ በልጅነቱ ትምህርቱን የቀሰመው በአብዛኛው በቤቱ ሲሆን፣ ገና በ3 ዓመቱ ማንበብ ጀምሮ እንደ ነበር ይነገራል። ከዚያም በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርት ቤት ገባ። በዩኒቨርሲቲውም ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ በ1893 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላቅ ዝና ወዳለው ወደ ሃርቫርድ ተዛወረ። በ1896 ዓ.ም. የመጀመሪያ ማዕረጉን ተቀበለ፤ አንድ ዓመትም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ በ1899 ዓ.ም. በቴዎዶር ሪቻርድስ መሪነት የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ሪቻርድስ የንጥረ ነገሮችን የአቶም ክብደት እጅግ በጠራ ሚዛን በመለካት የታወቀ ሊቅ ነበር።

ወጣቱ ሉዊስ ከዚህ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ተሻገረ። በዚያን ዘመን ኬሚስትሪን ጠልቆ ለመማር የሚሻ ሰው ሁሉ ወደ ጀርመን ይጓዝ ነበርና፣ እርሱም በላይፕሲግ ከኦስትቫልድ ዘንድ፣ በግቲንገን ደግሞ ከኔርንስት ዘንድ ተቀምጦ ሠራ። ትምህርቱንም አስፍቶ ወደ ሃርቫርድ በመመለስ አስተማሪ ሆነ።

የሉዊስን ሥራ ታላቅነት ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የተቸገሩበትን ጥያቄ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው አንድን አቶም ከሌላው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ምንድን ነው የሚል ነበር። ስዊድናዊው በርዜሊዩስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ መልስ ሰጥቶበት ነበር። በእርሱ አስተያየት አንዱ አቶም ፖዚቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ኀይል ስላለው እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። ይህ አሳብ ጨውንና ጨውን የመሰሉትን ነገሮች በደንብ ይገልጣል። ነገር ግን የሃይድሮጂን ጋዝ ሁለት አቶሞች የተጣመሩበት ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ፖዚቲቭ ሌላውን ኔጋቲቭ የሚያደርገው ምክንያት ምንድን ነው? ከካርቦን የሚሠሩትም እልፍ አእላፍ ነገሮች፣ ስኳሩም፣ ስቡም፣ አልኮሉም፣ በበርዜሊዩስ መንገድ ሊገለጡ አልቻሉም። ስለዚህ ኬሚስቶች በአቶሞች መካከል አንዲት አጭር መሥመር እያሰመሩ ብዙ ዘመን ሠሩ። መሥመሯ ምን እንደ ሆነች ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1897 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቶምሰን ኤሌክትሮን የሚባለውን ከአቶም እጅግ ያነሰ ቅንጣት መኖሩን አሳየ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ ማለት በማርች ወር 1902 ዓ.ም.፣ ሉዊስ ለተማሪዎቹ የንጥረ ነገሮችን ጠባይ የሚያስረዳበትን ዘዴ ሲያስብ በማስታወሻው ላይ አንዳንድ ሥዕሎች ሣለ። እያንዳንዱን አቶም ስምንት ማዕዘን ባለው ሳጥን መሰለው፤ ኤሌክትሮኖቹንም በየማዕዘኑ አኖራቸው። ሶዲየም በውጭው ሳጥን ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አለው፤ ክሎሪን ሰባት አለው፤ ከማንም ጋር የማይዋሐደው ኒዮን ግን ስምንቱም ማዕዘን ሞልቶለታል። ስለዚህ ሶዲየም አንዱን ይሰጣል፣ ክሎሪን ያንኑ ተቀብሎ ስምንቱን ይሞላል ብሎ አሰበ።

አሳቡ ብሩህ ነበር፤ ነገር ግን ሉዊስ አላሳተመውም። በዚያን ጊዜ በሃርቫርድ የነበረው የኬሚስትሪ ትምህርት በሚዛንና በልክ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ በዓይን ስለማይታይ አቶም ቅርጽ የሚደረግ ግምት እንደ ሥራ አይቆጠርም ነበር። ደግሞም አሳቡ ራሱ ገና ግማሽ ነበር። ሰጪና ተቀባይ ያሉበትን ጨው ይገልጣል እንጂ፣ ሁለቱም ተቀባይ የሆኑበትን የክሎሪን ጋዝ አይገልጥም። ሰጪ በሌለበት ማን ይሰጣል? ይህ ችግር ስላልተፈታለት ወረቀቱን አኖረው።

በ1904 ዓ.ም. ሃርቫርድን ተወና ወደ ፊሊፒን ደሴቶች ሄዶ በማኒላ ከተማ የሚዛንና የልክ መሥሪያ ቤት የበላይ ሆነ። በዚያ ብዙ ሳይቆይ በ1905 ዓ.ም. ተመልሶ በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገባ፤ በዚያም 7 ዓመት ያህል ሠራ። በዚህ ጊዜ በስፋት የደከመው ቴርሞዳይናሚክስ በተባለው፣ ሙቀትና ሥራ በኬሚካል ለውጥ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ በሚመረምረው ትምህርት ላይ ነበር። በ1912 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ በዚያው ዓመትም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የኬሚስትሪ ኮሌጁ ዲን አድርጎ ጠራው። ከዚያም ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የበርክሌይ ሰው ሆነ።

ሉዊስ በ1913 ዓ.ም. ስለ ኬሚካል ውሁዶች አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚህም ጽሑፍ ውሁዶች ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ወገኖች ናቸው ብሎ ገለጠ። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው። የገበታ ጨው እንዲቀልጥ እስከ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት፤ ሜቴን የሚባለው ጋዝ ግን ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ቀዝቅዞ እንኳ ይፈላል። ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስኳር በውሃ ቢሟሟ አያስተላልፍም። እንዲህ የተራራቁ ነገሮች በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ ብሎ ማሰብ የሚቻል አይመስልም ነበር።

ነገር ግን ሉዊስ አንድ ጊዜ የጻፈውን እንደ ማይሻር ሕግ የሚይዝ ሰው አልነበረም። ጥያቄውን እንደ ገና አነሣው፤ የ1902 ዓ.ም. ሥዕሎቹንም አሰበ። ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1916 ዓ.ም. «አቶምና ሞሌኪውል» የተባለውን ጽሑፍ በአሜሪካ የኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ የቀድሞውን ችግር የፈታው አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም መጋራት የሚለው ቃል ነው። አንድ ኤሌክትሮን የግድ የአንድ አቶም ብቻ መሆን የለበትም፤ በአንድ ጊዜ የሁለት አቶሞች ሊሆን ይችላል። ሁለት የክሎሪን አቶሞች እያንዳንዳቸው ሰባት ኤሌክትሮን ይዘው ቢገናኙ፣ አንዱ አንድ ሌላውም አንድ አዋጥተው ጥንድ ኤሌክትሮን በመካከላቸው ያኖራሉ። ያ ጥንድ ለሁለቱም ስለሚቈጠር እያንዳንዳቸው ስምንት ይሞላላቸዋል። ሰጪም የለም፤ ተቀባይም የለም፤ የጋራ ሀብት ግን አለ። ኬሚስቶች በየሞሌኪውሉ ላይ ሲያሰምሯት የኖሩት መሥመር ይህ ጥንድ ኤሌክትሮን ነው። በመሥመሯ ፈንታ ሁለት ነጥብ ማኖርም የተጀመረው ከዚህ ነው።

በዚሁ ሥርዐት ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች ሁለት ጥንድ፣ ሁለት የናይትሮጂን አቶሞች ደግሞ ሦስት ጥንድ ይጋራሉ። ሳጥን ለሁለት ጥንድ ገጽ ለገጽ ሊገጠም ይችላል፤ ለሦስት ጥንድ ግን አይመችም። ሉዊስ ይህን ባየ ጊዜ ለሳጥኑ ሳይሳሳ፣ ኤሌክትሮኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አራት ጫፍ ባለው ቅርጽ ላይ ይሰበሰባሉ ብሎ አሻሻለው። ሳጥኑ ቀረ፤ ጥንዱ ጸና።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለቱ አቶሞች አንድ ዓይነት ከሆኑ ጥንዱ በእኩል መካከል ላይ ይሆናል፤ እንደ ሃይድሮጂንና እንደ ክሎሪን ጋዝ ያለው ነው። አቶሞቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን ጥንዱ አጥብቆ ወደሚስበው ወገን ያዘነብላል። ለምሳሌ በሃይድሮጂን ክሎራይድ ጥንዱ ወደ ክሎሪን ስለሚቀርብ፣ ክሎሪኑ ጥቂት ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጂኑ ጥቂት ፖዚቲቭ ይሆናል። ማዘንበሉ እጅግ ከበዛ ደግሞ ጥንዱ ጨርሶ የአንዱ ይሆንና አዮኖች ይፈጠራሉ፤ እንደ ገበታ ጨው ያለው ነው። እንግዲህ በ1913 ዓ.ም. ሁለት ወገን ናቸው ያላቸውን በ1916 ዓ.ም. የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች አድርጎ አገናኛቸው። ዛሬ አዮናዊ ትስስርና ኮቫለንታዊ ትስስር እየተባሉ በሁለት ምዕራፍ የምንማራቸው ነገሮች በመካከላቸው ግንብ የለም፤ ብዙዎቹ ውሁዶች የሚገኙት በሁለቱ ጫፎች መካከል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እናመልክት። ሻማ በትንሽ ሙቀት የሚቀልጠው ኮቫለንታዊ ትስስር ደካማ ስለ ሆነ አይደለም። የሚላቀቁት ሞሌኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ነው እንጂ በእያንዳንዱ ሞሌኪውል ውስጥ ያሉት አቶሞች አይደሉም። ጥንካሬው የታወቀው አልማዝም ከዳር እስከ ዳር በኮቫለንታዊ ትስስር የተያያዘ ካርቦን ነው። በጨው ውስጥ ግን ለብቻው የሚቆም ሞሌኪውል የለም፤ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎሪን አዮኖች፣ እያንዳንዱም የክሎሪን አዮን በስድስት የሶዲየም አዮኖች ተከቦ ይኖራል። የጨው ቅንጣት አራት ማዕዘን መስሎ የሚታየው ከዚህ አሰላለፍ የተነሣ ነው።

በዚያው በ1916 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኮሰል ስለ አዮኖች አፈጣጠር ተመሳሳይ አሳብ በተለየ መንገድ አውጥቶ ነበር። ዓለም ግን በጦርነት ላይ ስለ ነበር የሉዊስ ጽሑፍ ወዲያው ብዙ ሰው አላነበበውም። እርሱም በ1918 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ ወታደሮችን ከመርዝ ጋዝ በሚጠብቀው የሥራ ክፍል አገለገለ፤ ስለዚህም ኒሻን ተሸለመ። በዚህ መካከል ኢርቪንግ ላንግሚዩር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሊቅ የሉዊስን አሳብ አንሥቶ በ1919 ዓ.ም. አስፋፋው። ኮቫለንት የሚለውን ስም ያወጣው ላንግሚዩር ነው። ላንግሚዩር አሳቡን ያገኘው ከሉዊስ መሆኑን አልደበቀም፤ ሆኖም ንግግሩ የሚማርክ ሰው ስለ ነበር በየጉባኤው ስሙ የሚጠራው እርሱ ሆነ። ሉዊስ በዚህ ነገር ማዘኑ አልቀረም። በ1923 ዓ.ም. ስለ ቫሌንስ ያወጣው መጽሐፍ አሳቡን በራሱ ቃል ከመሠረቱ ጀምሮ የሚያስረዳ ነው።

ይኸው 1923 ዓ.ም. ለሉዊስ የመከር ዓመት ነበር። ከባልደረባው ከሜርል ራንዳል ጋር የጻፈው የቴርሞዳይናሚክስ መጽሐፍ በዚሁ ዓመት ወጥቶ ለብዙ ዘመን የተማሪዎች መማሪያ ሆነ። ደግሞም አሲድ ማለት ጥንድ ኤሌክትሮን የሚቀበል፣ ቤዝ ማለት ጥንድ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነው የሚለውን አሳብ በዚሁ ጊዜ አቀረበ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ የሉዊስ አሲድና የሉዊስ ቤዝ እየተባሉ ይጠራሉ። ፎቶን የሚለውንም ስም በ1926 ዓ.ም. በሊቃውንት ዘንድ ያስለመደ እርሱ ነው፤ እርሱ የሰጠው ትርጉም ግን ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነበር።

የነጥቦቹ ዘዴ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። የፊዚክስ ሊቃውንት ኤሌክትሮን በአንድ ስፍራ እንደ ነጥብ ቆሞ አይገኝም ብለው ተቃወሙት፤ እውነታቸውንም ነበር። ሁለት ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ሁለት አቶሞችን እንዴት ያጣምራሉ ለሚለው ጥያቄም ሉዊስ ሙሉ መልስ አልነበረውም። መልሱ የመጣው በ1927 ዓ.ም. ሃይትለርና ሎንዶን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአዲሱ የኳንተም ትምህርት የሃይድሮጂንን ሞሌኪውል ባሰሉ ጊዜ ነው። ስሌታቸውም የሉዊስ ጥንድ እውነተኛ መሆኑን አሳየ። ፈሳሽ ኦክሲጅን በማግኔት የሚሳብበትን ምክንያት ግን ተራው የነጥብ ሥዕል ዛሬም ሊያሳይ አይችልም። ከሉዊስ በኋላ የተነሣው ሊነስ ፓውሊንግ አቶሞች ኤሌክትሮንን የሚስቡበትን ኀይል በቁጥር ደልድሎ አሳየ፤ በ1939 ዓ.ም. ስለ ኬሚካል ትስስር ያወጣውን ዝነኛ መጽሐፉንም ለሉዊስ መታሰቢያ አደረገው።

ሉዊስ በበርክሌይ ያቋቋመው የትምህርት ሥርዐትም ሊዘነጋ አይገባውም። በየሳምንቱ መምህራኑና ተመራማሪ ተማሪዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። ሉዊስ በጠረጴዛው ራስ ላይ ሲጋሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው የፈለገውን ጥያቄ ያነሣል። ተማሪው መምህሩን፣ መምህሩም ዲኑን በማስረጃ ሊቃወም ይችል ነበር። በዚህ ቤት ተምረው ወይም ሠርተው ካለፉት መካከል ዩሬ በ1934፣ ጂዮክ በ1949፣ ሲቦርግ በ1951፣ ሊቢ በ1960፣ ካልቪን በ1961 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል።

የሚያስደንቀው ነገር መምህሩ ራሱ ይህን ሽልማት አለማግኘቱ ነው። ስሙ ከ30 ጊዜ በላይ ለዕጩነት ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም አንድም ጊዜ አልተመረጠም። ስለ ምክንያቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ልዩ ልዩ አስተያየት ይሰጣሉ። ላንግሚዩር ግን በሌላ ሥራው በ1932 ዓ.ም. ተሸልሟል። ሉዊስ በ1933 ዓ.ም. ንጹሕ ለመባል የተቃረበ ከባድ ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ አወጣ፤ የከባድ ሃይድሮጂን ሽልማት ግን በማግሥቱ ዓመት፣ እርሱን ላገኘው ለቀድሞው ተማሪው ለዩሬ ሆነ። በዚሁ በ1934 ዓ.ም. ሉዊስ ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት በገዛ ፈቃዱ ወጣ። ከቤተ ሙከራው ግን አልወጣም። ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ብርሃን በቀለማትና በሚያበሩ ነገሮች ላይ የሚሠራውን ሥራ ይመረምር ነበር። በ1944 ዓ.ም. ከወጣት ተማሪው ከማይክል ካሻ ጋር ሆኖ አንዳንድ ነገሮች መብራቱ ከጠፋ በኋላ የሚያበሩበትን ምክንያት በጽሑፍ ገለጠ።

በማርች 23 ቀን 1946 ዓ.ም. ሉዊስ እንደ ልማዱ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሲሠራ ውሎ በዚያው ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 70 ዓመት ነበር። በዚያ ቀን የሚመረምረው ሃይድሮጂን ሳያናይድ የሚባለውን መርዘኛ ነገር ነበር፤ የሞቱ ምክንያት ግን የልብ ሕመም መሆኑ ተወሰነ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ አለፈ። ከልጆቹም ሁለቱ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለው የኬሚስትሪ መምህራን ሆነዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። ሉዊስ አሳቡን ያገኘው ለጀማሪ ተማሪዎች ነገሩን የሚያቀልበትን መንገድ ሲፈልግ ነው፤ እንግዲህ ማስተማር ራሱ ምርምር መሆኑን መምህራኖቻችን ያውቁታል። ያልበሰለውን ለማሳተም አልቸኰለም፤ ባሳተመውም ላይ ስሕተት ባገኘ ጊዜ በሦስት ዓመት ውስጥ ራሱ አረመው። ልጆቻቸው ሽልማት ሳያገኙ ሲቀሩ የሚያዝኑ ወላጆችም ቢሆኑ ይህን ሰው ያስቡት። ሽልማቱን ባይቀበልም፣ በዓለም ሁሉ የኬሚስትሪ ተማሪ እርሳሱን አንሥቶ በሁለት አቶሞች መካከል ሁለት ነጥብ በሚያኖርበት ጊዜ ሁሉ የሚጽፈው የሉዊስን ትምህርት ነው።